ከመዝናኛ መርከብ ቀድሞ መውረድ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ታኅሣሥ ሲቃረብ ከዚራ ባለው ትንሽ የትኬት ቢሯችን ስልኩ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠመዳል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ናቸው። እናታቸውን ወይም አክስታቸውን ከድሬዳዋ አስመጥተው በሜዲትራኒያን ባሕር ወይም በካሪቢያን ደሴቶች በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ሊያንሸራሽሯቸው አስበዋል። መርከቡ ግን ጉዞውን የሚጨርሰው በፈረንጆች ዲሴምበር 28 ነው። እናት ደግሞ ስለት አለባቸው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ደጅ መቆም ይኖርባቸዋል። ከሐረር የሚደውሉት ደግሞ ረመዳን ካለፈ በኋላ ለሸዋል ዒድ ቤታቸው መድረስ ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «መርከቡ መጨረሻው ሳይደርስ አንዱ ወደብ ላይ ብንወርድስ?»

ጥያቄው ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ቀላል የሚመስልበት ምክንያት አለው። ከተማችን ራሷ የተወለደችው ባቡሩ ከታሰበለት ቦታ በፊት ስለቆመ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታቅዶ ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ወጪው ስለከበደ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ግርጌው ላይ ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ለገሃር ላይ ወርዶ ደንገጎን በበቅሎ፣ ኋላም በመኪና ሲወጣ ኖረ፤ ባቡሩም መንገዱን ይቀጥል ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። መንገደኛ አይሻ ወረደ፣ ኤረር ወረደ፣ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም ነበር፤ የከፈለውም እስከዚያው ድረስ ብቻ ነው።

የመዝናኛ መርከብ እንዲህ አይደለም። ባቡር የሚሸጥልዎት መንገድ ነው፤ መርከብ የሚሸጥልዎት ግን ክፍል ነው፤ ያም ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሌሊት በስምዎ ተይዟል። ሁለት ሌሊት ቀርቶት ቢወርዱ ክፍሉ ለሌላ ሰው አይሸጥም፤ ስለዚህ ገንዘቡም አይመለስም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ እያንዳንዱ ወደብ ድንበር መሆኑ ነው። ኤረር ላይ መውረድ ጣቢያ ላይ መውረድ ነበር፤ ከመርከብ ሻንጣ ይዞ መውረድ ግን አንድ አገር መግባት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን ሳነጻጽር ከዋጋ አልጀምርም። የምጀምረው ከቪዛው ነው፤ እርስዎም ከዚያ እንዲጀምሩ እለምናለሁ።

ፓስፖርቱን ከፍተው የሚቆጥሩት ቁጥር

ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚሰጡት በሼንገን ቪዛ ላይ «የመግቢያ ብዛት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ 01 ከተጻፈ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ፤ ከሼንገን ክልል ከወጡ በኋላ ቀናት ቢተርፉ እንኳ ተመልሰው አይገቡም። የመዝናኛ መርከብ ደግሞ ባሕርይው መውጣትና መግባት ነው። ከባርሴሎና ተነሥቶ ማርሴይና ጄኖዋ፣ ከዚያም የሮም ወደብ ወደሆነችው ቺቪታቬኪያ ይሄዳል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሼንገን ነው። ቀጥሎ ወደ ቱኒዚያ ተሻግሮ ወደ ባርሴሎና ከተመለሰ ግን ሁለተኛ መግቢያ ተፈለገ ማለት ነው። ከግሪክ ተነሥቶ ቱርክ የሚነካ መርከብም እንዲሁ ነው። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ስለገባች አታሳስብም፤ ሞንቴኔግሮና አልባኒያ ግን ውጭ ናቸው።

ይህ ለእኛ ይበልጥ የከበደው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ሲጥል ነው። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ታገደ፤ መደበኛው የማመልከቻ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ገደቡ በሥራ ላይ መሆኑን ከማመልከትዎ በፊት ከኤምባሲው ያረጋግጡ፤ በሥራ ላይ ካለ እናትዎ የሚያገኙት የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው ብለው ያቅዱ። ልጅቱ ስዊድን ወይም ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ስላላት እንደ ልቧ ትወጣለች፤ ትገባለች። እናት ግን በልጃቸው ወረቀት አይገቡም። ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ ይህ ይዘነጋል።

እኔም ዘንግቼው ነበር። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚሳፈሩበትን ጉዞ ሳመቻች፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ የጤና ኢንሹራንሱን ሁሉ አየሁ፤ ያችን 01 ግን አላየኋትም። መርከቡ ቱኒዚያን ይነካል። ባርሴሎና ወደብ ላይ የመዝገብ ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ገልጣ የመርከቡን መስመር ከቪዛው ጋር ካስተያየች በኋላ እናትየው መሳፈር እንደማይችሉ ነገረቻቸው። ልጆቹ እያለቀሱ፣ ሻንጣቸው እንደታሸገ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ከተማ ተመለሰ። ገንዘቡም ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ፓስፖርቱን ነው።

በዚያ ጉዞ ላይ ቀድሞ መውረድ ችግር ሳይሆን መፍትሔ ሊሆን ይችል እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከሼንገን ከመውጣቱ በፊት ባለው በመጨረሻው ወደብ እንዲወርዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ተጠይቆ ቢሆን፣ መርከቡም ፈቅዶ ቢሆን፣ እናትየው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አራት ቀን ባሕር ላይ ያሳልፉ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሼንገን የመግቢያና የመውጫ መዝገቡን በአሻራና በፊት ምስል ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። በማኅተም ዘመን «አንድ ቀን ቢያልፍ ማን ያየዋል» የሚባለው ነገር ቀርቷል፤ ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። ቀድመው ወርደው ዘመድ ጋ ለመሰንበት ካሰቡ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት ራስዎ ይቁጠሩ።

ሳይናገሩ መውረድ

ይህን አማራጭ የማነሣው ብዙ ሰው ስለሚያስበው ነው። «ሌላው ተሳፋሪ ለሽርሽር ሲወርድ እኔም የእጅ ሻንጣዬን ይዤ ወርጄ አልመለስም።» እንዲህ አያድርጉ።

ከመርከብ ሲወርዱና ሲሳፈሩ የክፍል ካርድዎ ይመዘገባል። የመሳፈሪያ ሰዓት ሲያልፍ ያልተመለሰ ሰው ስሙ ወዲያው ይታወቃል። በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ፤ ክፍልዎ ይከፈታል፤ ፓስፖርትዎ ከተገኘ በዚያ ወደብ ላለው የመርከቡ ወኪል ይሰጣል፤ የወደቡም ባለሥልጣን ይነገረዋል። ለጥቂት ሰዓት ሽርሽር ለሚወርድ ተሳፋሪ የሚደረገው ቀለል ያለ አሠራር ሻንጣ ይዞ ለሚቀር ሰው አያገለግልም። እርስዎ የጠፉ ሰው ወይም ያለ ፈቃድ የገቡ ሰው ይሆናሉ። አገርዎ ለመመለስ ቸኩለው የወረዱ ቢሆን እንኳ ይህ መዝገብ በሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻዎ ላይ ይጠብቅዎታል፤ በእርስዎ ብቻ ሳይሆን በጋበዘችዎት ልጅ ላይም ጭምር። የብዙ ቤተሰብ በር እንዲህ ባለ ችኮላ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም።

አስፈቅዶ መውረድ

አብዛኞቹ የመርከብ ድርጅቶች አስቀድሞ ከተጠየቁ ቀድሞ መውረድን ይፈቅዳሉ፤ ግን የመፍቀድ ግዴታ የለባቸውም። ጥያቄው ለሽያጭ ሠራተኛው በቃል የሚነገር አይደለም። በጽሑፍ ቀርቦ የድንበርና የሕግ ጉዳይ ወደሚያየው ክፍል ይሄዳል፤ እነሱም የዚያን ወደብ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ይጠይቃሉ። ሁለት ሳምንት ሲቀር መጠየቅ ዝቅተኛው ነው፤ እኔ ደንበኞቼን ክፍሉን ከመግዛታቸው በፊት እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። ከገዙ በኋላ «አይቻልም» ቢባሉ የሚይዙት ነገር የለም።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የሰባት ሌሊት ጉዞ ለአንድ ሰው 1,050 ዩሮ ነው እንበል፤ በሌሊት 150 ማለት ነው። ሁለት ሌሊት ቀድመው ቢወርዱ 300 ዩሮ ጥለው ወረዱ። የአውሮፕላን ትኬቱ መነሻ ከባርሴሎና ተይዞ ከነበረ ደግሞ ወደ ሮም ማስቀየሪያው ይጨመራል። መለወጥ ያለበት ገና ሲገዛ ነው፤ ባርሴሎና የሚገባ፣ ከሮም የሚወጣ ትኬት አንድ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ሁለት ነጠላ ትኬት ከመግዛትም አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

የሚወርዱበትን ወደብ ሲመርጡ የባሕሩን ውበት አይዩ፤ አውሮፕላን ማረፊያውን ይዩ። ለእኛ የሚመቹት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚበርባቸው ከተሞች አጠገብ ያሉት ናቸው። ቺቪታቬኪያ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ባቡር አላት። ፒሬየስ ከአቴንስ ከተማ መሐል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የወረደ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ በአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ድሬዳዋ ይደርሳል። ሳንቶሪኒን የመሰለች ደሴት ግን ለዚህ አትሆንም፤ መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥልና ተሳፋሪው በትናንሽ ጀልባዎች ይመላለሳል። ሽማግሌ እናት ከሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጋር በዚያ ጀልባ ላይ አይታዩኝም።

ቤተሰቡ የሚለያይ ከሆነ፣ ማለትም እናት ወርደው ልጅ የምትቀጥል ከሆነ፣ ሌላ ነገር ይታሰብ። በመርከቡ ላይ የሚወጣው ወጪ ሁሉ በአንድ ባንክ ካርድ ላይ ይጻፋል። የእናት ሒሳብ ከመውረዳቸው በፊት ለብቻው ይዘጋ። ከእናት ጋር የልጅ ልጅ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ፤ ድንበር ላይ መጠየቁ የተለመደ ነው።

ቀድሞ ከመውረድ ቀድሞ መሳፈር

እኔ አብዝቼ የምመክረው ይህን ነው፤ የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑም ይገርመኛል።

በምዕራብ ሜዲትራኒያን የሚዞሩ አንዳንድ መርከቦች፣ በተለይ የኤምኤስሲ እና የኮስታ መርከቦች፣ አንድ መነሻ ብቻ የላቸውም። ያው መርከብ በየሳምንቱ ያንኑ ክብ እየዞረ ከባርሴሎናም፣ ከማርሴይም፣ ከቺቪታቬኪያም አዲስ ተሳፋሪ ይቀበላል። ለአንዱ የመጨረሻ የሆነው ወደብ ለሌላው የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ያስቡት፦ የባርሴሎናው ተሳፋሪ ዲሴምበር 28 የሚጨርስ ከሆነ፣ ያው መርከብ ቺቪታቬኪያን በ26 ሲነካ ከዚያ የተሳፈረው ሰው ጉዞውን በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ ጨርሷል። ሁለቱም ሰባት ሌሊት አደሩ፤ ሁለቱም ያንኑ ወደቦች አዩ። የቺቪታቬኪያው ሰው ግን ፈቃድ አልጠየቀም፣ ሌሊት አልከሰረም፣ የመርከቡም ሠራተኛ ሻንጣውን በመደበኛው አሠራር አወረደለት።

ስለዚህ «የት እንውረድ?» ከማለት በፊት «ከየት ብንሳፈር በምንፈልገው ቀን ያልቃል?» ብለው ይጠይቁ። በጣም ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚህ ላይ ያልቃል። የማይሆነው መርከቡ ከአንድ ወደብ ብቻ ተሳፋሪ የሚወስድ ሲሆን ነው፤ ከአሜሪካ የሚነሡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ያን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ብቻ የሚዞር አጭር ጉዞ መፈለግ ይሻላል። አጭሩ በሌሊት ሲሰላ ትንሽ ሊወደድ ይችላል፤ ጥለውት የሚወርዱት ግን የለም።

ቪዛውን ግን ደግሜ ላንሣው። መነሻውን ሲቀይሩ የወደቦቹ ቅደም ተከተልም ይቀየራል። ከአንዱ መነሻ ቱኒዚያ መሐል ላይ ስትወድቅ ከሌላው መጨረሻ አጠገብ ትሆናለች። 01 ላለው ሰው ግን መሐልም ትውደቅ መጨረሻ አጠገብ፣ መርከቡ ተመልሶ ሼንገን የሚገባ ከሆነ አይሆንም። ከሼንገን ጨርሶ የማይወጣ መስመር ይፈልጉለት።

ከአሜሪካ የሚነሣ መርከብ ላይ

ሚኒሶታና ዋሽንግተን ያሉ የከተማችን ልጆች እናታቸውን ፍሎሪዳ ወስደው ከማያሚ ያሳፍራሉ። እዚያ ደግሞ በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የቆየ ሕግ አለ። ብዙ ሰው «የጆንስ ሕግ» ይለዋል፤ ስሕተት ነው፤ የ1920 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሕግ የጭነት ነው። ይህኛው የተሳፋሪ ነው፤ በውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ የተመዘገበ መርከብ ተሳፋሪን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወስዶ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በማልታ የተመዘገቡ ናቸው። በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ የሚጓዝ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ በሃዋይ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ከማያሚ ተነሥቶ ኪዌስትን፣ ከዚያ የሜክሲኮዋን ኮዙሜልን ነክቶ ማያሚ የሚመለስ መርከብ አለ እንበል። ኪዌስት ያው ፍሎሪዳ ነውና የአጎት ልጅ መጥቶ በመኪና ቢወስድዎት ቀላሉ ነገር ይመስላል። ሕጉ ግን ይህን ይከለክላል። ቅጣቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሰው 200 ዶላር ነበር፤ በዋጋ ንረት እየተስተካከለ አሁን ከ700 ዶላር በላይ ሆኗል፤ መርከቡም ይህን በተሳፋሪው ላይ ይጭናል። ኮዙሜል ላይ መውረድ ግን በዚህ ሕግ አያስቀጣም፤ ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር ነውና። እዚያ የሚያጋጥመው የሜክሲኮ ኢሚግሬሽን ነው፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለመግባት የሚያስፈልገው ቪዛ። ቪዛዎ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ከአሜሪካ የሚወጣ መርከብ ላይ ከመሳፈርዎ በፊት መመለስ መቻልዎን ያረጋግጡ። ይህ ቀድሞ ለሚወርድም እስከ መጨረሻው ለሚቆይም እኩል ያስፈልጋል።

ወደ አላስካ የሚሄዱት ደግሞ ከሲያትል ተነሥተው ጁኖ ላይ መውረድ ያምራቸዋል። ሕጉ እዚያም ያው ነው። በዚያ ላይ ጁኖ ከተቀረው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ መውጫዋ አውሮፕላንና መርከብ ብቻ ነው። ባሃማስ ውስጥ መርከቦቹ የራሳቸው ያደረጓቸው ትናንሽ ደሴቶችም አሉ፤ እዚያ መውረድ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

የባሕረ ሰላጤውን፣ ከዱባይ የሚነሣውን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ጉዞ ብዙም አልዘረዝረውም። ኦማን ወይም ኳታር ነክቶ ሲመለስ የኤምሬትስ ቪዛዎ ዳግመኛ እንደሚያስገባ ብቻ ያረጋግጡ። ጉዞው አጭር ስለሆነ፣ ከዱባይ አዲስ አበባም በረራው ብዙ ስለሆነ፣ መጨረሻ ድረስ መቆየት ይሻላል።

እስከ መጨረሻው መቆየት

ለአንዳንድ ሰው ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ደጋግመው ይዩዋቸው። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ወደብ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ነው። አስፈቅደው፣ ገንዘብ ጥለው፣ ሻንጣ ጎትተው የሚያተርፉት አንድ ቀን ተኩል ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን በረራ አስቀድሞ በመያዝ ማግኘት ይቻላል። በቁልቢ ሰሞን ያ በረራ ይሞላል። ከሮም በሰዓቱ ገብተው ቦሌ ላይ ቀን ሙሉ የተቀመጡ ምእመናን አውቃለሁ፤ የቸኮሉበት ጉዞ ባሕሩ ላይ ሳይሆን እዚሁ አገር ውስጥ ተያዘ።

ቀኑን ሲያሰሉም የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት አያታልልዎት። ታኅሣሥ 19 በአብዛኛው ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን 29 ላይ ነው። በ2020 ዓ.ም. ለምሳሌ ዲሴምበር 29 ይሆናል። ያች አንዲት ቀን መርከቡን እስከ መጨረሻው ለመቆየት ልትበቃዎት ትችላለች።

ኀዘን ወይም ሕመም ሲያጋጥም

ይህን ክፍል ስጽፍ ልቤ ይከብዳል፤ ግን ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው። አባት ድሬዳዋ ያርፋሉ፤ ልጅ ባሕር ላይ ናት። በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤተሰብ ተመካክሮ ጉዞዋን እስክትጨርስ ይደብቃታል፤ ወይም አብራት ላለችው ጓደኛዋ ይነግራል። ያ ጓደኛ እኔ ጋ ደውሎ «በሚቀጥለው ወደብ እናውርዳት?» ይላል።

ቀብሩ እንደማይጠብቃት በግልጽ መናገር አለብኝ። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ሟቹን አናቆይም። ከሜዲትራኒያን መሐል የወረደች ልጅ ለቀብር አትደርስም፤ የምትደርሰው ለሠልስት ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በረራ በሌለበት ትንሽ ደሴት ላይ ከማውረድ፣ አንድ ሌሊት ታግሶ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ወደብ ማውረድ ፈጥኖ ያደርሳታል። የመርከቡ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በተለየ ዓይን ያያል፤ በዚያው ቀን የወደቡን ወኪል ሊያገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእነሱ ይነገር፤ ለባለ ኀዘኗ ደግሞ የሚነግራት ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ።

ጉዞን ማቋረጥ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ካለ ያልተኖረበት ሌሊትና አዲሱ የአውሮፕላን ትኬት ሊከፈል ይችላል። የውሉን «የቅርብ ቤተሰብ» ትርጉም ግን ይመልከቱ። ያሳደገች አክስት ለእኛ እናት ናት፤ ለውሉ ግን አክስት ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ አንዳንዴም ጨርሶ ላትካተት ትችላለች። ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ የሕክምና ነው፤ ጉዞ ሲቋረጥ ገንዘብ ይመልሳል ብለው አይተማመኑበት።

ሕመም ከሆነ ውሳኔው በመርከቡ ሐኪም እጅ ይገባል። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት ካለ ፈቃድ ፍለጋ የለም፤ መርከቡ ራሱ በሽተኛውን ያወርዳል። የመርከቡ ክሊኒክ ግን በነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ በክፍልዎ ላይ ይጻፋል። ደረሰኙን ሳይዙ አይውረዱ፤ ኢንሹራንሱ ያለ እሱ አይከፍልም።

ለሚወርድ ሰው ዝግጅት

የመጨረሻ ቀን ተሳፋሪዎች ማታ ሻንጣቸውን በራቸው ላይ አስቀምጠው ጧት ወደብ ላይ ያገኙታል። ቀድሞ ለሚወርድ ይህ አገልግሎት የለም፤ ሻንጣዎን ራስዎ ይዘው በፍተሻው ያልፋሉ። በወደብ የገዙት መጠጥ ካለ መርከቡ እስከ መጨረሻው ሌሊት ያስቀምጠዋልና አንድ ቀን ቀድመው ይጠይቁ። አንዳንድ መርከብ ፓስፖርትም ይሰበስባል። ያንን በዋዜማው ማታ ይቀበሉ፤ በመውረጃው ጧት ሰልፍ ላይ አይተዉት።

ሰዓቱንም ለእናት በእኛው አቆጣጠር ጽፈው ይስጡ። መርከቡ 16:30 ሲል ለእሳቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። የመርከቡ ሰዓትና የወደቡ ሰዓት የሚለያዩበት ጊዜም አለ፤ በየማታው ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የፕሮግራም ወረቀት የትኛው እንደሚሠራ ይናገራል።

ለመርከቡ ድርጅት የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን። የቦታ ማስያዣ ቁጥር፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ሙሉ ስም፣ ዜግነት፣ የቪዛው ዓይነትና የመግቢያ ብዛት፣ የሚወርዱበት ወደብና ቀን፣ ከዚያ የሚወጡበት የአውሮፕላን ትኬት ቁጥር፣ ምክንያቱም በአንድ መስመር። «ለሃይማኖታዊ በዓል አገሬ መድረስ አለብኝ» በቂ ነው። በስልክ «ችግር የለም» ቢሉዎት አይበቃም፤ «በኢሜይል ላኩልኝ» ይበሉ። የመጣውን መልስ አትመው ሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱ በእናት ቦርሳ ከፓስፖርቱ ጋር፣ ሌላው በልጅ እጅ። መውረጃው ድልድይ ላይ የቆመው ጠባቂ ኢሜይሉን አላየም፤ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው።